ሦስተኛው ቤት

«አዘጋጅ፣ ጓድ አንዳርጋቸው ብለሽ ጻፊ። ከታች በትንሹ፣ በጽሕፈት የረዳች አደይ በዪ።»

«የአባቷን ስም ልጨምርበት?»

«ተይው፣ ቦታ ይፈጃል።»

አደይ ይህን የሰማችው ከኮምፔንሳቶው ግድግዳ ወዲህ ሆና የኮምፒዩተሩን መስታወት በእርጥብ ጨርቅ ስትወለውል ነው። ከግድግዳው ወዲያ ዛሬ ለሚመጣው እንግዳ ስለ ኮምፒዩተሩ ሥራ የሚሰጠውን ወረቀት የሚያዘጋጁት የኮሌጁ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ አንዳርጋቸውና ጸሐፊዋ የሺመቤት ናቸው። ግድግዳው ስስ ነው፤ የሺመቤት ወረቀት ስትቀይር እንኳ ይሰማል። አደይ እጇን አላቆመችም። መስታወቱን ጨርሳ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ጠረገች። የግንቦት አቧራ ከቁልፎቹ ሥር ገብቶ ሲያድር፣ ጠዋት ላይ አንዳንዱ ፊደል አንዴ ከተጫኑት ተመልሶ አይነሣም። ወዲያው የጽሕፈት መኪናው መንጣጣት ጀመረ። ስሟ የሚመታበትን ቅጽበት ለመለየት ጆሮዋን ጣለች፤ ስሙ አጭር ስለሆነ አመለጣት።

ሥራው እንዲህ ነበር። በከተማው ውስጥ አንድ መምህር ከኮሌጁ መጽሐፍ ፈልጎ ያጣ እንደሆነ፣ ሌላው ኮሌጅ ዘንድ መኖር አለመኖሩን ለማወቅ በሳይክል ሄዶ የካርድ መሳቢያ እየሳበ ማየት ነበረበት። የአንደኛው ቤት ካርድ በደራሲ ስም የተደረደረ ነው፤ የሌላው ደግሞ መጽሐፉ በገባበት ቁጥር። አንዱ የሌላውን አያውቅም። በ1978 ከውጭ በእርዳታ የመጣ አንድ ኮምፒዩተር ለቤተ መጻሕፍቱ ሲሰጥ፣ ከዩኒቨርሲቲ ከወጣች ገና ዓመት ያልሞላት አደይ አብረው የመጡትን ሦስት ወፋፍራም የመማሪያ ጥራዞች ወደ ቤት ወስዳ አንድ ክረምት ሙሉ አነበበች። ከዚያ አንዴ ጠይቀውት የሁለቱንም ቤት መዝገብ የሚፈትሽ ፕሮግራም ጻፈች። ጠያቂው አንድ ቃል ብቻ ይሰጠዋል፤ እሱ የየቤቱን ልማድ ስለሚያውቅ ለእያንዳንዱ ቤት እንደ አመሉ አድርጎ ይጠይቅለታል፤ መልሱን ሰብስቦ መጽሐፉ በየትኛው ቤት፣ በየትኛው መደርደሪያ እንዳለ ያሳያል። ማሽኑ የአማርኛ ፊደል ስለማያውቅ የአማርኛውን ርዕስ ሁሉ በላቲን ፊደል አስገባችው። የሌላውን ኮሌጅ አዲስ መዝገብ በየዓርቡ በዲስክ ቀድታ፣ ዲስኩን እንዳይታጠፍ በሁለት ካርቶን መሃል አድርጋ፣ በዘንባባው መንገድ በሳይክል ታመላልሳለች። በእነዚህ ሁለት ዓመታት አንዳርጋቸው ማሽኑን የነካው ሁለት ጊዜ ነው፤ አንደኛው ፎቶግራፍ ሲነሣ ነበር።

በፕሮግራሙ ውስጥ አንድ ግትር ነገር አድርጋለች። የመዝገብ ሠራተኞቹ መጽሐፉ የሚገኝበትን ቦታ ሳይሞሉ እያለፉ ቢያስቸግሯት፣ ቦታ ያልተጻፈለትን መጽሐፍ ማሽኑ እንዳይቀበል አዘዘችው። ባዶ ሲተዉበት ይጮኻል፤ እስኪሞሉለትም ወደሚቀጥለው አያልፍም። ሠራተኞቹ «የአደይ ዘበኛ» የሚል ስም አውጥተውለታል።

ሦስተኛ ዲስክም ነበራት። ያ ዲስክ እንዳለ በቢሮው ከአንዳርጋቸው በቀር የሚያውቅ የለም፤ እሱም ምን እንዳለበት እንጂ ዝርዝሩን አይቶት አያውቅም። በላዩ የተጻፉት የሳንቃ ሩፋኤል መጻሕፍት ናቸው። ሳንቃ ሩፋኤል በጣና ሐይቅ ላይ ያለች ትንሽ ደሴት ናት፤ የአደይ አባት መሪጌታ ወልደ ሐዋርያት በዚያ ደብር የዕቃ ቤቱ ጠባቂ ሆነው አርባ ዓመት ኖረዋል። ዕቃ ቤት ሴት አይገባበትም። ጠባቂውም የመጻሕፍቱን ዝርዝር በወረቀት አያሰፍርም፤ በልቡ ይይዝና ሲያረጅ ላሳደገው ልጅ ያስረክባል። መሪጌታ ያሳደጉት ልጃቸውን አበራን ነበር። አበራን ከሁለት ዓመት በፊት ቀበሌው ለብሔራዊ ውትድርና ወሰደው፤ ወደ ሰሜን ከሄደ ወዲህ በየወሩ ይጽፍ ነበር፤ ከመጋቢት ጀምሮ ግን ደብዳቤው ተቋርጧል። የመሪጌታ ዓይን ደግሞ ሞራ ለብሶ፣ የሰው ጥላ ካልሆነ በቀር መልክ አይለዩም። ስለዚህ ባለፈው ክረምት ከተማው ውስጥ ግሽ አባይ ሰፈር ካለው ቤታቸው ተቀምጠው አርባ አንዱን መጻሕፍት በቃላቸው ጠሩላት፤ እሷም በደብተር ጻፈች። አሥራ ሰባተኛው ላይ ሲደርሱ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ሥዕል ያለበት ትልቁ ብራና በዕቃ ቤቱ የለም። ከሰባት ዓመት በፊት ማኅተም ያለበት ወረቀት የያዙ ሰዎች በጀልባ መጥተው ሁለት የነሐስ መስቀል ለምዝገባ ብለው ወሰዱ፤ መስቀሎቹ አልተመለሱም። ያን ጊዜ መሪጌታና አሁን በሕይወት የሌሉ አንድ ቄስ ብራናውን በሌሊት አሻግረው ከሐይቁ ማዶ ቁንዝላ ላለ ክንዱ ለሚባል ገበሬ ሰጡት። ክንዱ በሰም ጨርቅ ጠቅልሎ በጎታ ውስጥ እህል አልብሶት ይኖራል። «አንቺ ሴት ነሽ፣ ዕቃ ቤት አትገቢም» አሏት አባቷ፤ «ነገር ግን ሌላ ሰው የለኝም። ያዥልኝ።» እይዛለሁ አለች።

በማግስቱ በምሳ ሰዓት ቢሮው ጭር ሲል ዝርዝሩን ወደ ዲስክ አስገባች። አሥራ ሰባተኛው ላይ ቦታውን ባዶ ተወችው፤ ማሽኑ ጮኸባት። እንደ ሌሎቹ ዕቃ ቤት ብላ ልታልፈው ትችል ነበር። ግን መጽሐፉ ዕቃ ቤት የለም። መጽሐፍ በሌለበት ቦታ አለ ብላ ጽፋ አታውቅም፤ እንዲህ የሚያደርጉትን ሠራተኞች ስትቆጣ ነው የኖረችው። ዲስኩ ከቦርሳዋ አይወጣም ብላ እውነቱን ጻፈችው። ጩኸቱ ቆመ።

አደይ ቁልፎቹን ጠርጋ እንደጨረሰች፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ አንዳርጋቸው ብቅ ብሎ የማሽኑን ገመድ፣ ወንበሩን፣ መጋረጃውን አየ። አዲስ ሸሚዝ ለብሷል፤ ከአንገትጌው ላይ የማጠፊያ ካርቶኑ ምልክት አልጠፋም። ከአዲስ አበባ ለሚመጣው እንግዳ ሁለቱን ዲስክ ብቻ እንድታዘጋጅ ነገራት። የቤተ ክርስቲያኑን ነገር እንዳታነሣው አለ፤ ሁለት ጊዜ አለው። እሺ አለች። ለምን እንደሆነ አልጠየቀችም፤ መጠየቅ አይሆንላትም። በልቧ ግን የተረዳችው መሰላት፦ ሦስተኛውን ቤት ማስረዳት አይችልም፤ የደሴት መጻሕፍት ዝርዝር ከየት መጣ ቢባል የእሷ እንጂ የእሱ ሊሆን አይችልምና ነው።

እንግዳው በሦስት ሰዓት ደረሰ። ጓድ አካሉ ይባላል። ካኪ ሱፍ የለበሰ፣ ድምፁ የማይሰማ፣ ሰው ሲያናግረው አንገቱን ዘንበል አድርጎ የሚያዳምጥ ሰው ነው። ኃላፊነቱን አንዳርጋቸው ረዘም አድርጎ ሲያስተዋውቅ አደይ የያዘችው «የመረጃ ጉዳይ» የሚለውን ብቻ ነው። እንደገቡ አንዳርጋቸው ማሽኑ ፊት ቆመና ከወረቀት እያነበበ ተናገረ። አብዮታዊ መንግሥታችን አለ፤ የተበታተነውን ዕውቀት አለ። አደይ ጎኑ ተቀምጣ ቁልፍ ትመታለች። ስለ ጣና የተጻፈ ይፈለግ ተባለ፤ ቃሉን ሰጠችው። መስታወቱ ጥቂት ጠቆረና ከአንደኛው ቤት አሥራ አራት፣ ከሁለተኛው ሦስት መጻሕፍት አወጣ፤ ስለ ዓሣ፣ ስለ ውኃ መጠን፣ ስለ ጀልባ መንገድ። አንዳርጋቸው እሱም ገና ማየቱ ስለነበር ፈገግ አለ።

አካሉ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ከፍ አድርጎ ጥቂት ተመለከተ። ከዚያ በለስላሳ ድምፁ፣ አዲስ አበባም ካርድ እንዳለ፣ ይህ ከካርድ በምን እንደሚበልጥ ጠየቀ። አንዳርጋቸው ፍጥነቱን አነሣ። ፍጥነት ጥሩ ነው አለ አካሉ፤ ግን ሁለቱም ቤቶች እዚሁ ከተማ ናቸው፣ ሰው በሳይክል ሄዶ ያየዋል። ማሽኑ ቃሉን ለየቤቱ የሚቀይረው እንዴት እንደሆነ ሲጠይቅ አንዳርጋቸው ስለ ኤሌክትሪክ ተናገረ። አካሉ ሰዓቱን አየ። ከዚያ ወደ አደይ ዞር ሳይል፣ «ታይፒስቷ ልጅ ውኃ ልታመጣልን ትችል ይሆን? ሙቀታችሁ አይቻልም» አለ።

አደይ ተነሣች። ቦርሳዋ ከወንበሩ ጀርባ ተንጠልጥሏል። በኋላ ደጋግማ ስታስበው ውኃ ልታመጣ የተነሣች ይመስላታል፤ እጇ ቦርሳው ውስጥ የገባው ግን ያን ጊዜ ነው። ሁለቱን ካርቶን ከፍታ ዲስኩን አወጣች።

«ሦስተኛ ቤት አለው» አለች።

በዚያ ክፍል ከፍ አድርጋ የተናገረችው የመጀመሪያ ነገር ነበር። አንዳርጋቸው ክንዷን ነካ አደረጋት፤ አልዞረችም። ዲስኩን አስገብታ የደብሩን ስም ጻፈች። ማሽኑ ሲያንገራግር አካሉ ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ። ይህ ቤት ካርድ የለውም፣ አለች፤ መደርደሪያም የለው፣ ቁጥርም የለው፤ በሰው ልብ ያለ መዝገብ ነው፤ ለእሱ ብቻ ሌላ መጠየቂያ ጽፌለታለሁ። ቃሏ ፈጠነ። የብራና መጽሐፍ የፊት ገጽ ስለሌለው ርዕሱ ከየት እንደሚወሰድ፣ አንድ ጥራዝ ውስጥ ሦስት መጽሐፍ ቢኖር ፕሮግራሙ እንዴት እንደሚለየው ነገረችው። አካሉ እንደ ተማሪ አገጩን በእጁ ይዞ ያዳምጣል። አንድ ጊዜ «ወይ ጉድ» አለ፣ ከልቡ።

«የት እንዳሉስ ያውቃል?»

«ያውቃል» አለችና ቁልፉን ተጫነች።

አርባ አንዱ መጻሕፍት ተራ በተራ ወረዱ። በየርዕሱ ትይዩ ዕቃ ቤት፣ ዕቃ ቤት፣ ዕቃ ቤት የሚል አጭር ቃል ተደረደረ። ከመሃል አንዱ መስመር ብቻ ከሌሎቹ አልፎ እስከ መስታወቱ ጠርዝ ተዘርግቷል። አደይ ያየችው ከአካሉ እኩል ነው። ሌላ ቁልፍ ለመጫን እጇን ስትሰድ የእሱ ጣት ቀድሞ መስታወቱ ላይ አረፈ። የላቲኑን ፊደል ቀስ ብሎ እንደ ልጅ እየቆጠረ አነበበው፤ ቁንዝላ፣ ክንዱ ቤት፣ ሁለተኛው ጎታ።

አካሉ ከኪሱ ትንሽ ማስታወሻ አወጣና መስመሩን ገለበጠ። አልተቆጣም፤ ድምፁንም አልቀየረም። ሥዕል ያለበት ብራና በጎታ ውስጥ መቀመጡ ያሳዝናል አለ፤ አይጥ አለ፣ ምስጥ አለ፤ እንዲህ ያለ ነገር የሕዝብ ሀብት ነው፣ ወደ ማዕከል ገብቶ መመዝገብ አለበት። መንገዱ ዝናብ ሳይጀምር ስለሚሻል ነገ ጠዋት በመኪና እሄዳለሁ አለ። ከዚያ ማስታወሻውን ሳይዘጋ ቀና ብሎ፣ ይህን ፕሮግራም የሠራው ማን እንደሆነ ጠየቀ።

«እሷ ናት» አለ አንዳርጋቸው። «ሙሉ በሙሉ የጓዲት አደይ ሥራ ነው። የእኔ እጅ የለበትም።»

ሁለት ዓመት የጠበቀችው ቃል ነበር። አካሉ ተነሥቶ እጇን ጨበጠ። ሙሉ ስሟን ጠይቆ ከዚያው መስመር ሥር ጻፈው፤ የአባቷን ስም ሲሰማ ዓይኑን አነሣና መሪጌታ ይሆኑ እንደሆነ ጠየቀ። ናቸው አለች። እንግዲያ ለእሷ የማይከፈት ቤት የለማ፣ አለ ደስ ብሎት፤ የምስጋና ደብዳቤ እንዲጻፍላት፣ በሐይቁ ዙሪያ ያሉትን ሌሎች ደብሮችም እንዲሁ እንድትሰበስብ አንዳርጋቸውን አሳሰበው። ውኃውን ረስቶት ወጣ።

እንግዳውን መኪናው ድረስ ሸኝቶ የተመለሰው አንዳርጋቸው ኮሪደሩ ላይ አገኛት። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ሁለቱን ብቻ ያልሁሽ ለምን ይመስልሻል?» አለ በሹክሹክታ። «ሰውየው የቅርስ ሰው ነው። ኃላፊነቱን ስጠራ አልሰማሽም?»

«አልነገሩኝም።»

«በምን አፌ ልንገርሽ? ይኼ ግድግዳ ወረቀት ነው። እኔም እኮ አገሬ እዚሁ ነው፣ ደብር አለኝ።» ከዚያ ወደ ቢሮው ገባ፤ የጠዋቱን ወረቀት ቀድዳ ሌላ እንድትጽፍ ለየሺመቤት ሲነግራት አደይ ከማዶ ሰማች። አዘጋጅ አደይ ወልደ ሐዋርያት፣ የእኔን ስም ከየትም ቦታ አውጪው አላት። የጽሕፈት መኪናው መንጣጣት ጀመረ። አሁን ስሙ ረጅም ስለሆነ የተመታበትን ለመለየት አላስቸገራትም።

ለምሳ ወደ ግሽ አባይ ስትሄድ ሳይክሏን አልነዳችም፤ እየገፋች ሄደች። ቤታቸው የቀበሌ ቤት ነው፣ ሁለት ክፍል፤ የፊተኛው ክፍል ግድግዳ በጋዜጣ ተለጥፎ በላዩ ኖራ ስለተቀባ በበጋ ጭቃው ሲደርቅ የድሮ ዜና ፊደል ከኖራው ሥር ብቅ ይላል። እናቷ ወይዘሮ ወለተ ኪዳን ከቀበሌው ሱቅ ሰልፍ መመለሷ ነበር፤ ነጠላዋን እንኳ አላወለቀችም። ለቤተሰብ ግማሽ ኪሎ ስኳር ተሰጠ፣ ሳሙና አለቀ ተባለ፣ ከኋላዋ የነበረችው ሴት ግን ሁለት ሳሙና ይዛ ስትወጣ አይታታለች፤ ጤፍ ኩንታሉ መቶ ሃያ ገብቷል፣ ከሰባታሚት የሚመጡት ገበሬዎች ደግሞ ኬላ እየፈሩ ወደ ገበያ ማምጣት ትተዋል። ይህን ሁሉ ሽሮውን ከእሳት እያወረደች ትናገራለች። መሪጌታ ብርሃን ከሚገባበት ከበሩ አጠገብ መደቡ ላይ ተቀምጠዋል። ወደ ደሴታቸው የሚመልሳቸውን የእሑድ ጀልባ እየጠበቁ ነው፤ በቤቱ ውስጥ ሁሌም እንደ እንግዳ ጫማቸውን ሳያወልቁ ይቀመጣሉ። የሳይክሉን ድምፅ ሰምተው ልጃቸው ዛሬ ለምን በእግሯ እንደመጣች ጠየቁ። ጎማው አለችና ሳይክሉን ከግድግዳው አስደግፋ ገባች።

ማዕዱ ቀረበ። እናቷ አደይን ብዪ አለቻት። ሙቀቱ ነው አለች አደይ። እናቷ ስለ ጎረቤቷ ስለ ወለተ ሩፋኤል ማውራት ቀጠለች፤ ወለተ ሩፋኤል ስለ ሰሜኑ ጦር ግንባር በሬዲዮ የሚነበበውን ሁሉ ቁጭ ብላ ትሰማለች፣ እኔ ግን አልሰማም፣ ስም ቢጠራስ ምን ላደርግ ነው፣ አለች። የአበራ ስም ሳይጠራ ሁሉም ስለ እሱ እንዳሰቡ ታወቀ። አደይ የተናገረችው ያን ጊዜ ነው። ሰው ከአዲስ አበባ እንደመጣ፣ ዝርዝሩን እንዳየ፣ የአሥራ ሰባተኛውን ቦታ ጽፎ እንደያዘ፣ ነገ ጠዋት ቁንዝላ እንደሚሄድ። አራት ዓረፍተ ነገር ሆነ።

መሪጌታ ጉርሻቸውን ወደ ሰሐኑ መለሱ። እጃቸውን በቀስታ በጨርቁ ጠረጉ፤ እያንዳንዱን ጣት።

«ቦታውን ጽፈሽው ነበር?»

«ጽፌው ነበር አባባ። ማሽኑ ባዶ አይቀበልም።»

«ማሽኑን እንዲህ ያደረገው ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

እናቷ ከአንዱ ወደ ሌላው ታያለች።

«አስገድደውሽ ነው ያሳየሻቸው?»

«አይደለም።»

«ጠይቀውሽ ነው?»

አደይ የአንዳርጋቸውን ወረቀት ልትነግራቸው አሰበች። ከታች በትንሹ የተባለውን፣ ታይፒስቷ የተባለውን፣ ሁለት ክረምቱን። በአፏ ውስጥ አዟዟረችው። ለዕቃ ቤት ጠባቂ፣ ስሙ የትም ሳይጻፍ አርባ ዓመት ለኖረ ሰው እንዴት ተብሎ እንደሚነገር አላወቀችም።

«አልጠየቁኝም» አለች።

እናቷ ልጅቱ ምን ታድርግ፣ የመንግሥት ሥራ ነው፣ ብላ ጀመረች። መሪጌታ በትራቸውን እንድታቀብላቸው ብቻ ነገሯት። ተነሥተው ኩታቸውን አጣፉና በሩን በእጃቸው ዳብሰው አገኙት። የት ሊሄዱ ነው ብላ እናቷ ደነገጠች፤ ወደ ሐይቁ አሉ፤ ዛሬ ወደ ቁንዝላ የሚሻገር ሰው አላጣም። እናቷ አደይን በዓይኗ ጠቀሰቻት። ብቻቸውን አስፋልት መሻገር አይችሉም።

ሁልጊዜ ሲሄዱ መሪጌታ የሚይዙት የልጃቸውን ትከሻ ነበር። ዛሬ ትከሻዋን ወደ እጃቸው አስጠጋች፤ እጃቸው ትከሻዋን ነክቶ አለፈና የሳይክሉን ኋለኛ መጫኛ ያዘ። እንዲህ ሆነው ሄዱ፤ እሷ ትገፋለች፣ እሳቸው ብረቱን ይዘው ይከተላሉ። ፀሐይዋ ከባድ ነበረች። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ተረኞች በሳይክል መንጋ ሆነው ሲያልፉ አንዳንዱ ከርቀት እጅ እየነሣ «እንዴት ዋሉ አባ» ይላቸዋል፤ እግዚአብሔር ይመስገን ይላሉ፣ በደንበኛው ድምፃቸው። ጉድጓድ ስታገኝ ጉድጓድ አለ ትላለች። እሳቸው እግራቸውን ያነሣሉ። ከአስፋልቱ ዳር ሲደርሱ ቆመች፤ እሳቸውም ቆሙ። መኪናዎቹ እስኪያልፉ ረጅም ጊዜ ሆነ። አንድ ነገር ቢሏት፣ ቢራገሟት እንኳ፣ መልስ ይኖራት እንደሆነ አሰበች።

ከሐይቁ ዳር ከየደሴቱ እንጨት ያመጡ ታንኳዎች የተሠሩበት የደንገል ሣር እንዲደርቅ አሸዋው ላይ ተገልብጠዋል። ነፋስ ተነሥቷል፤ ውኃው እንደ ታረሰ ማሳ ትልም በትልም ሆኗል። ባለ ታንኳው አዘዘ መሪጌታን ገና ከሩቅ ሲያያቸው ብድግ ብሎ መስቀል እንደሚሳለም ጉልበታቸውን ሳመ። ልጅ ሆኖ ደሴቱ ላይ ፊደል የቆጠረው በእሳቸው እጅ ነው። ለማን ምን ሊልኩ እንደፈለጉ ሲነግሩት አዘዘ ነፋሱን አሳየ፤ ማሳየቱ ለእሳቸው እንደማይጠቅም ትዝ ሲለው በቃል ነገራቸው። አሁን መውጣት አይቻልም፤ አመሻሹ ላይ ሲበርድ ይነሣል፤ ሌሊቱን ቢቀዝፍ ነገ እኩለ ቀን ላይ ቁንዝላ ይገባል። መኪናስ በስንት ይደርሳል አሉ። አዘዘ በመኪና ሄዶ አያውቅም። መንገዱ መጥፎ ነው ይላሉ፣ አለ፤ ጠዋት ቢነሣ እሱም ወደ እኩለ ቀን ይሆናል።

«ከሆነ ሆነ» አሉ መሪጌታ። «ለክንዱ ወዴት እንዲወስደው ልንገርህ፤ በቃልህ ያዘው።»

አዘዘ ጎንበስ ብሎ ጆሮውን ሰጠ። ሌላ ቦታ ነበራቸው ማለት ነው። ምናልባት ዱሮ ያሰቡት፣ ምናልባት በመንገድ ላይ ሳይክሉን ይዘው ሲመጡ ያሰቡት። አደይ ሳታውቀው እሷም አንገቷን ወደ እነሱ ዘንበል አድርጋ ነበር። ባለፈው ክረምት ድምፃቸውን ዝቅ ሲያደርጉ ያደረገችው እንደዚሁ ነው።

«አደይ» አሉ አባቷ። ከቤት ከወጡ ወዲህ ስሟን ሲጠሩ የመጀመሪያቸው ነው።

«አቤት አባባ።»

«ራቅ በይ።»

የሳይክሏን እጀታ ያዘችና ጎማው በአሸዋው እየሰመጠ ወደ ዋርካው ጥላ ድረስ ሄደች። ከዚያ ሆና ስታይ አባቷ በበትራቸው ተደግፈው፣ በማያይ ዓይናቸው የመጣችበትን አቅጣጫ ሳይሆን ውኃውን እየተመለከቱ ይጠብቃሉ።

«ራቀች?» ሲሉ ሰማቻቸው።

«ራቃለች አባ።»

«ትሰማለች። ትጨምር።»

አዘዘ ቀና ብሎ አላያትም፤ አፍሮ ዓይኑን ታንኳው ላይ ተክሎ፣ ወደ ኋላ እንድትሄድ በእጁ መዳፍ ምልክት ሰጣት። አደይ ሳይክሏን አዙራ ሄደች። የዋርካውን ጥላ አለፈች፣ እንጨት የሚመዝኑትን ሴቶች አለፈች። ድምፃቸው መሰማቱን ካቆመ በኋላም ይበቃል እስክትባል መሄዷን አላቆመችም፤ ይበቃል የሚላት ግን አልነበረም።